ስለት የሚገባበት ቤት

ልጅ ሳለሁ አባቴ ታቦት ይመስለኝ ነበር።

ይህን የምለው አባቴን ከፍ፣ ታቦቱን ዝቅ ለማድረግ አይደለም፤ በዓይኔ ባየሁት ፈርጄ ነው። የቁስቋም ዓመት በዓል ሲደርስ ሰው ከየአገሩ ስለቱን ይዞ ይመጣል፤ ጃንጥላ፣ ጧፍ፣ መጋረጃ፣ የሰባ በግ። እኛም ቤት ሰው ከየአገሩ እየመጣ በግ፣ ማር፣ ቅቤ ያስገባል። እዚያ ደጃፍ ላይ ጫማ ያወልቃሉ፤ እኛም ደጃፍ ላይ ያወልቃሉ። እዚያ ጎንበስ ብለው የልጃቸውን ስም በሹክሹክታ ይጠራሉ፤ እኛም ዘንድ እንደዚያው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነበር። ቁስቋም ስለቱ የሚገባው የተለመነው ነገር ከተፈጸመ በኋላ ነው፤ እኛ ቤት ግን ቀድሞ ይገባል። ያኔ ይህን የአባቴ ታላቅነት አድርጌ እቆጥረው ነበር። ዛሬ ሳስበው እመቤታችን ሰው ታምናለች፣ አባቴ አያምንም ነበር። ነገሩ ይኸው ነው።

አባቴ፣ ጓድ ቢሻው፣ የአውራጃው የምልመላ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጥቶ፣ ጎረምሳ ሁሉ ከገበያና ከማሳ እየታፈሰ ወደ ሰሜን የሚጫንበት ዘመን ነው። እኔ ግን «ምልመላ» የሚለውን ቃል ከ«ምሕላ» ለይቼ አላውቀውም። «ልጄ ምልመላ ገባብኝ» እያለች የምታለቅስ እናት ሳይ፣ ለምሕላ መመረጥ ምን ያስለቅሳል እያልኩ በልቤ እታዘባት ነበር።

ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ሦስት ጢማም ሰዎች ጎን ለጎን የሚታዩበት ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። ሥላሴ ናቸው ብዬ ጠዋት ጠዋት እሳለማቸው ነበር። ደብረ ብርሃን ቤተ ክርስቲያን ያየኋቸው ሥላሴ ሦስቱም አንድ መልክ ናቸው፤ ከእኛዎቹ ግን አንዱ ራሰ በራ ነው። ይህንን ለአባቴ ያነሳሁበት ቀን ሻዩ ትን አለው። «ሥላሴ አይደሉም፤ የሠርቶ አደሩ መምህራን ናቸው» አለኝ ዓይኑን እየጠረገ። መምህራን ከሆኑማ ብዬ መሳለሜን ቀጠልኩ።

እናቴ እጅጋየሁ በበኩሏ በቤታችን ውስጥ የእግዚአብሔር ተጠሪ ነበረች። ኮሚቴው የአባቴ፣ ጓዳው የእሷ። ስለቱን የምትቀበለው እሷ ናት፤ የምትቀበለውም በሥርዓት ነው። ረቡዕና ዓርብ ቅቤ የያዘ ሰው ከደጅ ይመለሳል። በሁዳዴ በግ እየጎተተ የመጣውን አንድ የማክሰኝት ሰው፣ «ምነው አያ፣ ክርስቲያን አይደሉም እንዴ? በጾም በግ? ማር አጥተው ነው?» ብላ ስትቆጣው አስታውሳለሁ። ሰውየው አፍሮ ይቅርታ ጠየቀ፤ በማግስቱም ማሩን ይዞ መጣ። በጉን ግን ይዞት አልሄደም። እስከ ፋሲካ ጓሮ ታስሮ ከረመ።

እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው እንግዲህ ይርገዱ ባዶ እጇን የመጣችው።

ክረምት ነበር፤ ቅዳሜ ረፋድ ላይ። በሩ ሲንኳኳ እናቴን ተከትዬ ወጣሁ። ከኮላ ድባ የመጣች፣ እግሯ እስከ ጉልበቷ የደምቢያን ጭቃ የለበሰ ሴት ቆማለች። ከኋላዋ አንድ ቀጭን ጎረምሳ አለ። እኔ በቤታችን ልማድ መጀመሪያ የማየው የሰው እጅ ነበር። የሁለቱም እጅ ባዶ ነው።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አለች እናቴ፣ እሷም እጅ እጇን እያየች።

«አያ ቢሻው አለ?»

ደነገጥኩ። ሰዎች አባቴን «ጌታዬ» ሲሉት «ጌታ የለም፤ ጓድ በሉኝ» እያለ ሲቆጣቸው፣ እነሱም ደንግጠው «እሺ ጌታዬ ጓድ» ሲሉት ነው የማውቀው። በስሙ የጠራው ባላገር አይቼ አላውቅም።

«ጓድ ቢሻው ሥራ ላይ ናቸው። ምን ይዘሽ መጣሽ?»

«ምን እይዛለሁ? ያለኝ ይኸ ነው» አለችና ወደ ልጁ በአገጯ ጠቆመች።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። መካን የነበረች ሴት ስትወልድ ልጇን ለቤተ ክርስቲያን እንደምትሰጥ ሰምቻለሁ። ይህችም ሴት በግ ብታጣ ልጇን ለአባቴ ስለት ይዛ መጥታለች ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስለት ቤታችን ገብቶ አያውቅም። ደስ አለኝ፤ ጥቂት ግን ሰጋሁ፤ እስከዚያ ቀን የገባው ስለት ሁሉ ወይ ታርዷል፣ ወይ ተበልቷል።

ሴትየዋ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ልጁ ወደ ጓሮ ዞሮ ከታሰሩት በጎች አጠገብ ቆመ። ተከተልኩት። ስሙ ክንዱ እንደሆነ ነገረኝ። አንዱን በግ ጆሮውን እያሻሸ ሲስቅ የፊት ጥርሶቹ መካከል ፍንጭት አየሁ።

«አባዬም እንዲህ ዓይነት ፍንጭት አለው» አልኩት። «ያንተን ማን ሰጠህ?»

«አባቴ።»

«አባትህ የት ነው ያለው?»

«ምሳ ሊበላ ይመጣል ብለውኛል» አለ።

ምሳ የሚበላው የት ይሆን ብዬ ትንሽ አሰብኩና ተውኩት። ዞር ስል እናቴ የጓዳውን በር ተደግፋ የልጁን አፍ አፉን ታያለች። ወንፊት ይዛ ነበር፤ ወንፊቱ ከእጇ ሲወድቅ አላነሳችውም። የራበው መስሏት ነው ብዬ ሮጬ እንጀራ አመጣሁለት።

አባቴ ለምሳ መጣ። ይርገዱን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ሳሎን አስገባትና በሩን ዘጋ፤ እናቴም አብራ ገባች። እኔ መስኮቱ ሥር ቁጢጥ አልኩ።

«ምነው እንዲህ ታደርጊኛለሽ?» ይላል አባቴ። «እዚህ ድረስ?»

«ለራሴ አንድ ቀን መጥቼብህ አውቃለሁ?» ትላለች ይርገዱ። «ከኮላ ድባ ተነስተህ ስትሄድ ዝም አልኩ። ሸጋ ሚስት አገባ ሲሉኝ ዝም አልኩ። አሁን ልጄን ሊወስዱብኝ ነው። ዕድሜው እንኳ አልደረሰም። የማን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፣ እግዜርም ያውቃል።»

«እግዜርን እዚህ አታስገቢ! ኮሚቴው ቢሰማ…»

«ኮሚቴህ ይስማ።»

ቀጥሎ የሰማሁት አባቴ በዚያ በስብሰባ ድምፁ፣ «ልጁ እዚሁ ይቆይ። ከኔ ቤት ማንም አይወስደውም። እኔ አለሁ» ሲል ነው። እውነቱን ነው፤ ከእኛ ቤት ማንም መጥቶ አልወሰደውም።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት «የማን እንደሆነ እግዜርም ያውቃል» የሚለውን ነው። የእግዜር ልጅ ነው ማለት ነው፤ ስለት መሆኑ ተረጋገጠ።

ክንዱ እኛ ዘንድ ከረመ። ጎረቤት ሲጠይቅ «የዘመድ ልጅ ነው» ይባላል። ዘመድነቱ በማን በኩል እንደሆነ ግን አይነገርም። አጥሩን አጠረ፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ ደፈነ፣ ለበጎቹ ሣር አጨደ። በየቀኑ አባቴ ሲገባ ከተቀመጠበት ይነሳል፤ አባቴ «ቁጭ በል» ይልና ያልፋል። ክንዱ አባቴ እስኪያልፍ ቆሞ ይቆይና ከዚያ ይቀመጣል። አባቴን በምን እንደሚጠራው ጨንቆት እንደነበር አሁን ይገባኛል። «ጓድ» አይወጣው፣ «አባባ» አልተፈቀደለት። ሳይጠራው ነው የከረመው።

እናቴ መጀመሪያ ሰሞን ምግቡን ቀና ብላ ሳታይ ነበር የምታቀርብለት። ጎረቤት ያመሰገነውን ያንን አጥር «ጠማማ ነው» አለችው። አንድ ቀን ግን ማዕድ ቀርቦ ሲያማትብና አቡነ ዘበሰማያት ሲደግም ሰማችው። እስኪጨርስ ጠበቀች።

«የክርስትና ስምህ ማነው?» አለችው።

«ገብረ ሚካኤል።»

ጓዳ ገብታ ቅቤ አምጥታ ወጡ ላይ ጨመረችለት። ቅቤው ሌላ ሰው ልጁን ከዘመቻ ያስቀረበት ነበር፤ ክንዱም ጣቱን እየላሰ በላው። እሑድ ቁስቋም ሄደን ስንመለስ፣ «ለገብረ ሚካኤል» ብላ ጧፍ እንዳበራች አየሁ። የሚያሳዝነው ነገር እናቴ በልጅነቴ ካየኋት ሁሉ ያን ሰሞን ነው ደግ የሆነችው፤ ደግነቷም ያበሳጫት ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል «ኮሚሽን ሊገባብን ነው» ተባለ። ኮሚሽን እንደ ተስቦ ያለ በሽታ መሰለኝ፤ ምክንያቱም አባቴ እንቅልፍ አጣ፣ እናቴ ቤቱን ማጽዳት ጀመረች፣ በጎቹም ተገልለው መምሬ ሀብተሥላሴ ግቢ ተወሰዱ። መምሬ ሀብተሥላሴ የነፍስ አባታችን ናቸው፤ ከከተማ ወጣ ያለች ትንሽ ደብር ያገለግላሉ። የእህታቸው ልጅ በአባቴ አማላጅነት ከምልመላ ተርፎላቸው ስለነበር እምቢ ሊሉ አልቻሉም። «በጎቼን ጠብቅ ብሎ ጌታም ለጴጥሮስ አዞታል» አሉና ማሩንም ቅቤውንም ጨምረው ተረከቡ።

ኮሚሽኑ ሁለት ሰው ሆኖ ከአዲስ አበባ መጣ። ካኪ ለብሰው ሦስቱ ጢማሞች ሥር ተቀምጠው ሻይ ጠጡ። አባቴ ስለ አብዮቱ ያወራል፣ እነሱ ይጽፋሉ። በዚህ መሐል ከጓሮ በግ ጮኸ። ከመምሬ ግቢ አምልጦ ክንዱን ፍለጋ የመጣ በግ ነው፤ ክንዱን ይወደው ነበር።

አባቴ ሳለ። «የጎረቤት ነው» አለ።

«ጎረቤትዎ ብዙ በግ አለው ይባላል» አለ አንደኛው ሰውዬ፣ ከሚጽፈው ቀና ሳይል። «እንዲያውም ጓድ፣ በግ ያለው አባት ልጁ አይዘምትም፣ የጓድ ቢሻው ቤትም ማንም አይዘምትበትም የሚል አቤቱታ ነው የደረሰን።»

«እኔ ያለችኝ ይህች ሴት ልጅ ናት!» አለ አባቴ ወደኔ እየጠቆመ።

ሰውዬው ፈገግ አለ፤ አላመነውም። አባቴ መሀረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ጓሮ ክንዱ በጉን አቅፎ ጸጥ ሊያሰኘው ይታገላል። ክንዱ ከመጣ ጀምሮ አባቴ እንዲያ ትክ ብሎ አይቶት አያውቅም። ቆየና ፊቱ ቀስ እያለ በራ። መሀረቡን ኪሱ ከተተ። እኔ ተደሰትኩ። ስለቱን አሁን ገና ወደደው አልኩ በልቤ። እውነትም ወዶት ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ክንዱ ከእኛ ጋር ማዕድ ላይ እንዲቀርብ ተደረገ። አባቴ ከገበያ አዲስ ሱሪ፣ አዲስ ኮትና ጫማ አመጣለት። ክንዱ ጫማውን አድርጎ ግቢውን ደጋግሞ ዞረ። «እናቴን አስጠርቷታል» አለኝ በጆሮዬ። «ለአብዮት በዓል ትመጣለች። የምስራች አለኝ ብሏል።» እናቴን ሄጄ ምን እንደሆነ ብጠይቃት አታውቅም ነበር። ባሏን ጠየቀችው። «ልጄን በአደባባይ ልቀበለው ነው» አላት። እናቴ ፊቷን አዞረች። ከዚያ፣ «እንግዲህ ከመጣ ይምጣ» ብላ የክት ቀሚሷን ከሣጥን አወጣች።

በበዓሉ ቀን ጃንተከል ዋርካ ሥር ሕዝቡ ከየቀበሌው ተሰልፎ ቆሞ ነበር። መድረኩ ላይ ኮሚሽኖቹም አሉ። ይርገዱ ነጭ ለብሳ ከእናቴ ጎን ቆማለች፤ ሁለቱ ባይነጋገሩም እናቴ የፀሐይ ጃንጥላዋን ወደ ይርገዱ ዘንበል አድርጋላት ነበር። አባቴ ድምፅ ማጉያውን ያዘ።

«ጓዶች!» አለ። «አንዳንድ ፀረ ሕዝቦች ቢሻው በግ ይበላል ይላሉ! የሰው ልጅ እየላከ የራሱን ይደብቃል ይላሉ! ይኸው!» ክንዱን እጁን ይዞ ወደ ፊት አመጣው። «ይህ የበኩር ልጄ ነው! የአብራኬ ክፋይ፣ ክንዱ ቢሻው!»

ይርገዱ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። ክንዱ ሳቀ፤ ፍንጭቱ ከታች ድረስ ይታያል። እኔ እየዘለልኩ አጨበጨብኩ። ስለት ብዬ ያሰብኩት ወንድሜ ሆኖ ተገኘ!

«ይህን አንድ ወንድ ልጄን» አለ አባቴ፣ ድምፁ ተንቀጥቅጦ፣ «ዛሬ በፊታችሁ ለእናት አገሬ ሰጥቻለሁ!»

ባንዱ መታ። እልል እንዲሉ የታዘዙት የሴቶች ማኅበር አባላት እልል አሉ። ይርገዱም አፏን ከፈተች፤ እልል ልትል መስሎኝ ነበር። ምንም ድምፅ አልወጣትም። ክንዱ «ልጄ» ከተባለበት ቃል ገና አልተመለሰም ነበር፤ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ነው ምልምሎቹ የቆሙበት ማኪና ላይ የጫኑት። ኮሚሽኖቹ ተነስተው አባቴን ጨበጡት። አንደኛው ዕንባውን ጠረገ። እኔ ማጨብጨቤን አላቆምኩም፤ እናቴ እጄን እስክትይዘኝ ድረስ።

ጉዳዩ በዚህ ተዘጋ። በአውራጃው ስለ በግ ያነሳ ሰው አልነበረም ከዚያ ወዲያ።

ያን ቀን እናቴ ቤት ስትገባ አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። በማግስቱ አባቴ በክብሩ ወደተዘጋጀለት ግብዣ ሲሄድ ክራቫቱን አስተካከለችለት። ከበር እንደወጣ ነጠላዋን ለበሰች፣ እጄን ያዘችና መምሬ ሀብተሥላሴ ግቢ ሄድን።

«በጎቹን ይልቀቁልኝ፣ አባ።»

«ምነው ልጄ? አገሩ እስኪረጋጋ…»

«አሁን ነው የምፈልጋቸው።»

መምሬ ነገሩ ገባቸው። ጢማቸውን ያዙ። «የባልሽን ሥራ በክፉ አትይው። አብርሃምም ለልጁ አልሳሳም» አሏት።

«አብርሃም የሰው በግ አልበላም» አለች እናቴ። «ገመዱን ይስጡኝ።»

አባቴ ወንድሙን ከምልመላ ያስቀረለት አንድ የጭነት ማኪና ሹፌር ነበር። እናቴ ጠራችው፤ ሳይጠይቅ መጣ። በጎቹን፣ ማሩን፣ ቅቤውን ጫንን። ምልምሎቹ ወደ ማክሰኝት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በሽቦ በታጠረ ሜዳ ላይ ነበር የሚቆዩት። ከሽቦው ውጭ እናቶች ተኮልኩለዋል። ወደ በሩ ስንጠጋ እናቴ ቆመችና ጫማዋን አወለቀች። ለምን እንዳወለቀች አልገባኝም፤ ከእኛ የበለጠ ታቦት ያለበት ቦታ መጣን ብዬ እኔም አወለቅሁ።

ምልምሎቹን የሚጠብቀው የመቶ አለቃ ወጣ። እናቴ ጎንበስ አለች። ስትጎነብስ አይቻት ስለማላውቅ እንዴት እንደምታደርገው ተመለከትኩ፤ አልቻለችበትም፤ ከወገቧ ሳይሆን ከአንገቷ ነበር የምትጎነብሰው። የልጁን ስም በሹክሹክታ ተናገረች።

«ክንዱ ቢሻው!» አለ የመቶ አለቃው ሳቅ ብሎ። «አገር የሰማውን ልጅ? አባቱ በአደባባይ የሰጠውን ጀግና እንዴት አድርጌ ልመልስ?» ከዚያ ዓይኑ ማኪናው ላይ አረፈ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «ቁጥሩ እንዳይጎድልብኝ ነው። በእሱ ፈንታ የሚቆም ሌላ ወንድ ካመጡ ይታያል። ሌላ ወንድ ልጅ አለዎት?»

«የለኝም።»

«ከዘመድም፣ ከጎረቤትም ቢሆን።»

ሹፌሩ ፊቱን አዞረ። እናቴ ሽቦው ሥር የተቀመጡትን እናቶች አየች፤ ከእነሱ መካከል እኛ ቤት ባዶ እጇን መጥታ የተመለሰች ሴት ሳትኖር አትቀርም። አንድ በግ እኛ ቤት በገባ ቁጥር በግ ከሌለው ቤት አንድ ልጅ ይወጣ እንደነበር እኔ የተረዳሁት አድጌ ነው። እናቴ የተረዳችው እዚያ ቆማ ይመስለኛል፤ ወይም ድሮም ታውቀው ነበርና ከዚያ ቀን በኋላ እንዳላወቀች መሆን አልቻለችም።

«ሌላ አላመጣም» አለች። «ልየው ብቻ።»

የመቶ አለቃው በጎቹን አስወረደ፤ «ለምልምሎቹ ይሆናል» አለ። ምልምሎቹ አንዲት ጅራት እንኳ ማየታቸውን እጠራጠራለሁ።

ክንዱን ይዘውት መጡ። ጸጉሩን ላጭተውታል፤ አዲሱ ጫማ እግሩ ላይ የለም። የሰጡት ሸሚዝ እንደሱ ያለ ሌላ ሰው ጨምሮ ይይዛል። ከሽቦው ወዲያ ቆሞ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ እናቴን አየ። ባዶውን ማኪናም አየ።

«እትዬ» አለ። «እሱ ነው የላከዎት?»

አባቴ በዚያ ሰዓት አበባ አንገቱ ላይ ተደርጎለት ጥብስ ይበላል። «ኧረ አባዬማ…» ብዬ ልጀምር ስል እናቴ እስከ ዛሬ የሚያመኝ የሚመስለኝን ቁንጥጫ ቆነጠጠችኝ።

«አዎ» አለች። «እሱ ነው የላከኝ። ሊያስወጣህ ነበር፤ እምቢ አሉን።»

ክንዱ ሽቦውን ያዘ። ለቅጽበት የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ፊቱ ተፈታ። «አውቄ ነበር» አለ። «እናቴ እንዲህ አይመስላትም። ይንገሩልኝ።»

«እነግራታለሁ።»

«ደግሞ አጥሩ ጠማማ አይደለም፣ እትዬ።»

«አይደለም» አለች እናቴ። «ሸጋ አጥር ነው።»

ጠሩትና ሄደ። ያ ሁሉ በግ፣ ያ ሁሉ ማር የገዛላት ይህን ያህል ጊዜ ነው።

ክንዱ አልተመለሰም። መርዶው በዓመቱ ገደማ መጣ፤ ለአባቴ ከመርዶው ጋር ምስጋናና ሹመት መጣለት። እናቴ ኮላ ድባ ወርዳ ከይርገዱ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። «ሊያስወጣው ልኮኝ ነበር» ብላ ነገረቻት። ይርገዱ አየቻትና «ይሁን» አለች። እናቴ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ትወርድ ነበር፤ ሁለቱ ስለምን ያወሩ እንደነበር አላውቅም። እኛ ቤት ግን ደጃፉ ላይ ጫማ ያወለቀ ሰው ከዚያ ወዲያ አልነበረም። የመጣውን ሁሉ እናቴ ራሷ በር ላይ እየቆመች መለሰችው። አባቴ ስለቱን ቢሮው መቀበል ጀመረ።

ደርግ ሲወድቅ አባቴ ጥቂት ወራት ታሰረ። የሚመሰክርበት ጠፋ፤ በግ ተቀበለ ለማለት በግ ሰጥቻለሁ ማለት ያስፈልጋልና። ሲፈታ ከነነጠላው ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለሰ። የሰበካ ጉባኤ ሊቀመንበር ሆነ፤ ምእመናኑ አንድ ልጁን ለአገሩ የሰጠ አባት እያሉ ያከብሩት ነበር። ስለ አብርሃም የተናገረበት አንድ እሑድ ሴቶች ሲያለቅሱ አይቻለሁ። እሱም አለቀሰ። የውሸት ልቅሶ አይመስለኝም፤ ይህ እስከ ዛሬ ልቤ ሊፈታው ያልቻለው ነገር ነው። ሲቀበር ደብሩ በሙሉ ነበር የወጣለት።

አርባው ከወጣ በኋላ እናቴና እኔ ብቻችንን ቤት ተቀምጠን ነበር። እርጅና ጆሮዋን አክብዶታል፤ አንደበቷን ግን አልነካውም። ልጠይቃት ስል የኖርኩትን፣ አፌ ላይ እየመጣ የምመልሰውን፣ ያን ቀን ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ ለዚያ ልጅ ምነው ዋሸሽው?»

«መቼ?»

«እዚያ ሽቦው ጋ። ጾምና ጸሎት የማታጎድል ሴት፣ አባዬ ልኮኛል አልሽው።»

መቁጠሪያዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። አየችኝ፤ ይህን ያህል ተምሬ አንዲት ቃል መስማት እንዳልቻልኩ ዓይነት።

«አባትሽን ማን አነሳ?» አለች። «ልጁ ‹እሱ ነው የላከዎት?› አለኝ። ‹አዎ› አልኩት። የትኛው እሱ እንደሆነ አልጠየቀኝም።»